የሱልጣን መኮላሸትና የእኔ ፈቃድ

በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ፈርሜያለሁ። አንደኛው ፓስፖርት ሳወጣ ነው። ሁለተኛው ወደ ሪያድ ያመጣኝ የሥራ ውል ላይ ነው፤ በዐረብኛ የተጻፈ ስለነበር የፈረምኩት የፊደሉን ውበት አድንቄ ነው። ሦስተኛው የአንድ ድመት ቆለጥ እንዲወጣ መስማማቴን የሚገልጽ ወረቀት ነበር። ከሦስቱ ብዕሬ የቆመው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ሰው ለራሱ ሲፈርም እንዲህ ቢያመነታ ኖሮ ግማሻችን ዛሬ አገራችን ነበርን።

ያኔ ሱለይማኒያ በሚባለው የሪያድ ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ማዳምን ገበያ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሳለሁ። ማደሪያዬ ከግቢው በር ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋ አላት፣ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና የሚያጓራ ኤሲ አላት፣ አንድ ወንበርም አላት። ሁለተኛ ወንበር ይሰጡኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ማን ይቀመጥበታል?

አገር ቤት፣ ወሎ ውስጥ፣ ሐዋ የምትባል ሚስት አለችኝ። ከሠርጋችን በኋላ ሦስት ወር አብረን ቆየንና እኔ መጣሁ። ሦስት ወር አብሮ ኖሮ አራት ዓመት መለያየት ምን ዓይነት ትዳር ነው ካላችሁኝ፣ በስልክ የሚኖሩት ዓይነት ነው። መጀመሪያ በየቀኑ እደውል ነበር። ከዚያ በየጁምዓው ሆነ። ከዚያ ደግሞ ኔትወርክ የሚባል ነገር መጣ። ኔትወርክ ደግ ነገር ነው፤ ሰው ወሬ ሲያልቅበት እሱ ጥፋቱን ይሸከምለታል።

ቤቱ ውስጥ ሱልጣን የሚባል ድመት ነበር። ነጭ ነው፤ ጠጉሩ ረጅም፣ ፊቱ ግን እየሮጠ ሄዶ ግድግዳ የመታ ይመስላል። ከነዶሴው፣ ከነክትባት ደብተሩ፣ ከነፎቶው የተመዘገበ ድመት ነው። እኔ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በታደሰ ቁጥር ስሜ በሌላ ፊደል ይጻፋል፤ የእሱ ስም አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በመካከላችን ቂም አልነበረም። እሱ የሳሎን፣ እኔ የግቢ ነበርን፤ አንተያይም ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡ ለሁለት ወር ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሆነ። ሠራተኛዋም አብራቸው ልትሄድ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ማዳም ጠራችኝና ድመቱን እያሻሸች ትእዛዝ ሰጠች።

«ሱልጣንን ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ትወስደዋለህ፤ ቀጠሮ ይዤለታለሁ» አለችና ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ አደረገች። «ገባህ? ኸላስ።»

ገባኝ፤ ግን በእኛ አገር አገባብ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ የሚኮላሽ የሚበላ ነው። ፍየሉም በጉም ተኮላሽቶ፣ ተቀልቦ፣ ሙክት ሆኖ ነው ለበዓል የሚደርሰው። በሬውም ሰንጋ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ለመብል ሳይሆን እንዲያው ለፀባይ ተብሎ የሚኮላሽ እንስሳ በዘመኔ አላየሁም። ስለዚህ ከልቤ ደንግጬ ጠየቅኋት።

«ማዳም፣ ለዐረፋ ነው?»

ትንሿ ልጅ አጠገቧ ቆማ ነበር። ሱልጣን ሊታረድ ነው ብላ ስታለቅስ ዋለች። ማዳምም ግማሹን ቀን እሷን ስታባብል፣ ግማሹን ለእኔ ስታስረዳ አለፈ። ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ ከተኮላሸ ይረጋጋል፣ መጋረጃ ላይ ሽንቱን አይረጭም፣ አጥር ዘሎ አይጠፋም፣ ከመንገድ ድመት ጋር ተናክሶ በሽታ አያመጣም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በመጨረሻ እኔን የነካኝን ነገር አለች።

«ሱልጣንን ደህና አድርገህ ከጠበቅህልኝ ስንመለስ ኢጃዛህን ትወስዳለህ። ሁለት ወር። ባባን እኔ አናግረዋለሁ።»

ባባ የምንለው ባሏን ነው፤ ኢጃዛውም አራት ዓመት ሙሉ የጠየቅሁት ፈቃድ ነው። ለዚያ ፈቃድ ድመት ቀርቶ ነብር እጠብቅላት ነበር።

እነሱ ሄዱ፤ ቤቱ ባዶ ሆነ። ትልቅ ቤት ባዶ ሲሆን ከትንሽ ቤት የበለጠ ባዶ ነው። ለድመቱ ከተተወው ሳሎን በቀር ያ ሁሉ ክፍል ተቆልፎ እኔ ከበሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ቀድሞ አጥር ላይ ተደግፈን የምናወራ የሰፈር ሾፌሮችና ዘበኞች ነበርን፤ ፖሊስ ኢቃማ የሌለውን እያፈሰ ካባረረበት ዓመት ወዲህ አብዛኞቹ አገር ገብተዋል። ቁጥራቸው ስልኬ ላይ አለ። ስደውል አንዲት ሴት ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም ትለኛለች። የሰው ድምፅ ለመስማት ብዬ ብቻ ደውዬላት አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሱልጣን ክፍሌ መጣ። በሩ ላይ ቆመና ኤሲውን አየ፣ አልጋውን አየ፣ እኔን አየ። የሚሻል ነገር እንደሌለ ሲገባው አልጋው ላይ ወጣ። «አሰላሙ አለይኩም አይባልም?» አልኩት በአማርኛ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬ ጀመርኩ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት፣ ስለ ሐዋ ነገርኩት። አራት ዓመት ሙሉ ያላወራሁትን አማርኛ በጥቂት ቀን አራገፍኩበት። እንደ እሱ ያለ አዳማጭ አላየሁም፤ አያቋርጥም፣ ምክር አይሰጥም፣ ኔትወርክ አይጠፋበትም።

ሰኞ ደረሰ። በሳጥኑ ከትቼ መኪና ውስጥ አስገባሁት። ወደ ሐኪሙ መሄድ ሲገባኝ ግን መሪዬ ወደ ሺፋ ሰፈር ታጠፈ። እዚያ ከድር የሚባል የአገሬ ልጅ አለ። የአንድ ሰውዬ ፍየሎች ያሉበት ግቢ ውስጥ እየሠራ እዚያው ያድራል፤ ኢቃማው ካለቀ ሁለት ዓመት ስለሞላው ከግቢው አይወጣም። ፍየል ማኮላሸት ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። እንግዲህ ለምክር ከእሱ የተሻለ ማን አለ?

ከድር ሳጥኑን ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

«ለዚህ ነው ሐኪም ቤት የምትሄደው? ወንድሜ፣ እዚሁ ያዝልኝ። በአንድ ጠዋት ሃያ ፍየል ጨርሼ አውቃለሁ።»

«ከድር፣ ድመት እኮ ነው።»

«እንስሳ አይደለም? ወላሂ እንደ ፍየል እንኳ አይጮህም።»

ይህን ሲል አንድ ትልቅ አውራ ፍየል መጥቶ ሳጥኑን አሸተተ። ሱልጣን ፍየል አይቶ አያውቅም። የሳጥኑን በር እኔ መቆለፉን ስላላወቅሁበት በሲባጎ አስሬው ነበር። ሲባጎው ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ያየሁት ነጭ ነገር ሲያልፍ ነው። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጣ። የሪያድ ቆርቆሮ በቀትር ምን እንደሚመስል የማያውቅ የጋለ ምጣድ ያስብ። ሱልጣን አንዱን እግር ሲያነሳ ሌላው ይቃጠላል፣ ያንን ሲያነሳ ይኸኛው። ፍየሎቹ ተሰልፈው ሲያዩት ሠርግ የመጡ ይመስሉ ነበር።

በመጨረሻ የውኃው ታንከር ጥላ ሥር ገባና አልወርድም አለ። ከድር ለምሳው ያስቀመጠውን የቱና ቆርቆሮ ከፍቶ መሰላሉ ላይ አስቀመጠና እኛ ከሥር ቁጭ ብለን ጠበቅን። እየጠበቅን የፍርዱ ነገር ተነሳ። አንድ ሼህ የአላህን ፍጡር ማጉደል ሐራም ነው ሲሉ ከድር ሰምቷል፤ ሌላው ደግሞ ጉዳት ለመከላከል ከሆነና እንስሳው ካልተሠቃየ ይፈቀዳል ብለዋል። ከድር ሁለቱንም በደንብ አስረዳኝ። ካስረዳኝ በኋላ እሱም ጠየቀ።

«ግን ለምንድን ነው የሚያስኮላሹት?»

«እንዳይወጣ። ቤት ቤቱን እንዲል። ሌላ ነገር እንዳያስብ።»

«ታዲያ እኛ አንወጣም፣ ቤት ቤታችንን ነው፣ ሌላ ነገርም አናስብም» አለ ከድር። «መቼ ነው ሐኪሙ ዘንድ የወሰዱን?»

ሳቅን። መጀመሪያ እሱ አቆመ፣ ቀጥሎ እኔ። ሱልጣን ሲወርድ ቀጠሮው አልፎ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ወሰንኩ፤ አላስኮላሸውም። ከሁለቱ ሼሆች ለሆዴ የተስማማውን መረጥኩ። ሰው ፈትዋ ሲመርጥ እንደ ሐብሐብ ነው፤ አንኳኩቶ ደስ ያለውን ይወስዳል። ያኔ ለድመቱ አዝኜ መስሎኝ ነበር። ለማን እንዳዘንኩ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ችግሩ ማዳም ናት። በማግስቱ በዋትስአፕ «እንዴት ሆነ?» አለች። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው። «ፎቶ ላክልኝ» አለች። እዚህ ላይ ውሸት ጀመረ።

የተኮላሸ ድመት ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ እንደ ጡሩምባ አፍ የሰፋ ፕላስቲክ እንደሚታሰርለት በከድር ስልክ ላይ አይቻለሁ። ለበን የሚሉት እርጎ የነበረበትን ባዶ ጋሎን ቆርጬ ሠራሁለት። ሱልጣን አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ተናደደ ዳኛ ተቀመጠ፤ ፎቶ አነሳሁ። ማዳም ልብ በልብ የሆነ መልእክት ላከች። ልጆቹም ጋሎኑ ላይ የላም ሥዕል አይተው ሐኪሙ ደግ ነው አሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «ስፌቱንም ላክልኝ» አለች። አሁን ምን ይደረጋል? በራሴ የጺም መላጫ ማሽን ከኋላው ጠጉሩን ልላጨው ተነሳሁ። ማሽኑን ስከፍተው ድምፁን ሰማ። ሲያልቅ ሱልጣን በግማሽ ተላጭቶ ቁምሳጥን ላይ ነበር፤ እኔ ሁለት እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ወለሉ ላይ ነበርኩ። የተላጨው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ከሩቅ ፎቶ አነሳሁት። «መስኪን፣ በጣም ተጎድቷል» ብላ ጻፈች። በጣም ተጎድቼ ነበር።

እንግዲህ ሱልጣን ነፃ ወጣ። ቆለጡ በቦታው ነው፣ አጥሩ አጭር ነው። ከሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይመለሳል። አንዳንዴ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ እኔ በሩን ከፍቼ ሻይ እያፈላሁ እንደ እናት እጠብቃለሁ። ሲመጣ «የት ነበርክ?» እለዋለሁ፤ እሱ መልሱን የሳሎኑ መጋረጃ ላይ ይረጨዋል። መጋረጃውን አጠብኩ። ሶፋውን አጠብኩ። ሶፋውን ደግሜ አጠብኩ። ሽታው አልወጣም፤ በኋላማ እኔም እሱን መሽተት ጀመርኩ፤ ሱቅ ስገባ ፓኪስታናዊው ባለሱቅ መስኮት ይከፍታል።

አንድ ቀን ግራ ጆሮው ግማሽ ሆኖ መጣ። ሰፈር ውስጥ አንድ ዓይና አውራ ድመት ነበር፤ የሱለይማኒያ ድመቶች ሁሉ ካፊል፣ ማለት አሠሪና አዛዥ፣ እሱ ነው። ከእሱ ጋር ነው የተናከሰው። ቁስሉን በጨውና በለብታ ውኃ አጠብኩለት፤ እያጠብኩም ኮራሁበት። «ወንድ ነህ» አልኩት። ከአምስት ቀን በኋላ የአንገቱ ሥር አበጠ፣ መብላት ተወ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ አንዲት ከሲታ የመንገድ ድመት ልጆች ነበሯት። ነጭ ናቸው፤ ፊታቸው ግድግዳ የመታ። አባታቸውን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቤተሰቡ ሳይሄድ አጥር ዘሎ የጠፋባቸው ቀናት ፍሬ ናቸው። ውኃና ወተት ወሰድኩላቸው። ሙቀቱ ግን አስፋልቱን የሚያቀልጥ ነበር፤ እናትየዋም ወተት አልነበራትም። ሦስት ነበሩ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። የመጨረሻውን ክፍሌ አስገብቼ በጣቴ ጫፍ ወተት አስላስኩት። ሁለት ቀን ቆየ። ከግቢው ተምር ዛፍ ሥር ቀበርኩትና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን እንደዚያ እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ነገር ናት። እኔ ሱልጣንን ነፃ አወጣሁ ብዬ ስኩራራ የእንዲህ ያለውን ነፃነት ዕዳ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ለድመቱ ሳይሆን ለራሴ አዝኜ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ሰው ለራሱ ሲያዝን በሌላው ላይ ይጨክናል።

ሱልጣንን አንስቼ ወደ ሐኪሙ በረርኩ።

ሐኪሙ ሽበት ያለው ሱዳናዊ ነበር፤ ሲናገር አይቸኩልም። እብጠቱን ከፍቶ መግሉን አወጣ፣ መርፌ ወጋው። ከዚያ ከኋላ ያለውን የተላጨ ቦታ አየ፣ እኔን አየ።

«ይኼን ማን ላጨው?»

ሁሉንም ነገርኩት። ጋሎኑን፣ ፍየሉን፣ ከድርን፣ ትንንሾቹን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳቀው፤ ጋሎኑ ላይ።

«ዶክተር፣ እሱን ሳንጠይቀው ይኼን ማድረግ ልክ ነው?» አልኩት።

«ቤት ስታስገቡት ጠይቃችሁታል? ስም ስታወጡለትስ?» አለ። «ልክ ነው አልልህም። አንዱን ጉዳት መርጠህ ሌላውን መተው ነው። ካልተደረገ ይጣላል፣ በንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ይይዘዋል፣ መኪና ይመታዋል፣ ልጆቹን አንተ ቀብረሃል። ከተደረገ ይወፍራል። ምግቡን ለክተህ ስጠው፣ ውኃ ይጠጣ፣ ሽንቱ እንዳይታገድበት።»

«ይናፍቀዋል?»

«ምኑ?»

«መውጣቱ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «እንደ እኔና እንደ አንተ አይናፍቅም» አለ። «ናፍቆት ከማስታወስ ጋር ነው። እሱ ፍላጎቱ ይቀንስለታል፤ እኛ ፍላጎቱ አለ፣ መሄጃው የለም።» እሱም አገሩ ከገባ ስንት ዓመት እንደሆነው አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወረቀቱን አቀረበልኝ። የባለቤት ስም የሚለው ጋ የማዳምን ጻፍኩ። ፈራሚው ከእንስሳው ጋር ያለው ግንኙነት የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሬ ቆመ። ሾፌሩ ልበል? ዘበኛው? «ጓደኛ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ሱልጣንን አላየም። ሱልጣን መነኮሰና ዓመሉን ረሳ። አጥሩን ማየት ተወ፣ መጋረጃውን ማረው። ጠጉሩ ደምቆ በቀለ፣ ምግቡን ብለካለትም ወፈረ። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነው፤ ስጸልይ ከመስገጃዬ ጫፍ ይተኛል፣ ስበላ ወንበሬ ሥር ነው። አማርኛ ይሰማ ጀመር። «ና» ስለው ይመጣል፣ «ተው» ስለው ይተዋል፣ «ሐዋ ደወለች» ስለው ስልኩን ያያል። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ፍጡር ያገኘሁት ያኔ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ግን ሰላም አይሰጠኝም፤ የተረጋጋው ስለወደደኝ ነው ወይስ ስለፈረምኩበት? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

ቤተሰቡ ተመለሰ። ልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ «ሱልጣን! ያላ፣ ሱልጣን!» አሉ። ሱልጣን እንደ እንግዳ አያቸው። ማዳም ጎንበስ ብላ በዐረብኛ ጠራችው፤ ጀርባውን ሰጣት። እኔ አፌ አልቆም ብሎ «ምን ሆነሃል አንተ?» አልኩ። እየሮጠ መጥቶ እግሬ ላይ ተጠቀለለ። ቤተሰቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሁለት ቀን ሳሎን ዘጉበት፤ ሁለት ቀን አልበላም። በሦስተኛው ቀን ማዳም የሐኪሙን ወረቀቶች አወጣችና ቀኑን አነበበች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የላኩላት ፎቶና የቀዶ ጥገናው ቀን በአንድ ወር ይለያዩ ነበር። እንግዲህ አለቀልኝ፣ ሻንጣዬን ልሰብስብ ብዬ እውነቱን አወጣሁ። ማዳም አዳመጠችኝ። ጋሎኑ ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እህቶቿን በስልክ ጠርታ እንደገና አስወራችኝ። ተረፍኩ አልኩ።

«ታዲያ ኢጃዛዬስ፣ ማዳም?»

«ኢንሻአላህ» አለች።

ሪያድ የኖረ ሰው ያውቃል፤ ኢንሻአላህ ብዙ ዓይነት ነው። የሚሆን አለ፣ የሚቆይ አለ፣ እንዳትጠይቀኝ የሚል አለ። ይኼኛው ሦስተኛው ነበር።

«ወዶሃል እኮ» አለች። «አሁን ብትሄድ ሳይበላ ይሞትብናል። እኛን ሲለምድ ትሄዳለህ።»

ደህና አድርገህ ጠብቅ ተብዬ ደህና አድርጌ በመጠበቄ ፈቃዴን አጣሁ። እንደዚህ ያለ ጥፋት እኔን ካልሆነ ማንን ያገኛል?

ለሐዋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ እሷም ጋሎኑ ጋ ሳቀች።

«ታዲያ እንዴት አድርገህ ልትለየው ነው?» አለች።

«ቀስ በቀስ። መጀመሪያ በቀን አንዴ ብቻ አየዋለሁ። ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ። ከዚያ በሩን እዘጋለሁ።»

«አያለቅስም?»

«ትንሽ ቀን ያለቅሳል። ከዚያ ያቆማል።»

«አዎ፣ ያቆማል» አለች ሐዋ።

እንዳልኩት አደረግሁ። በር ዘጋሁ። ሱልጣን መጥቶ በጥፍሩ በሩን ይቧጥጣል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ይዤ እሰማለሁ። አንዴ ሊያስነጥሰኝ ሲል አፌን በትራስ ዘጋሁ። ድምፄን ከሰማ ሁሉም ነገር ከዜሮ ነው። በኤሲው ጩኸት መሐል የእሱ ድምፅ ሲመጣ ጥርሴን ነክሼ፣ ልጆቹ ሳህኑን ይዘው ከኋላው እንዲቀርቡት እጸልያለሁ። በአምስተኛው ቀን አጭር ጊዜ ቧጠጠ። በሰባተኛው ቀን ቧጠጠና መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። በዘጠነኛው አልመጣም።

በዚያው ቀን ማዳም ደስ ብሏት መጣች። ሱልጣን ከትንሿ ልጅ እጅ በልቷል፤ ሶፋው ላይ ተኝቷል። «ማብሩክ» አለችኝ። «ባባ የመውጫና የመመለሻ ቪዛህን ይጨርስልሃል። ለሁለት ወር።»

የፈለግሁትን አገኘሁ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የዐስር ሶላት ድረስ ጠበቅሁ። ለምን እንደከፈትኩት ብትጠይቁኝ ለነፋስ ነው እላችኋለሁ። በሪያድ ነሐሴ ነፋስ የለም። በመጨረሻ ስልኬን አነሳሁ።

«ሐዋ፣ ልመጣ ነው» አልኳት።

እልል ትላለች ብዬ ጆሮዬን ከስልኩ ራቅ አድርጌው ነበር፤ መልሼ አስጠጋሁት።

«ስንት ጊዜ ትቆያለህ?» አለች።

«ሁለት ወር።»

«አልሐምዱሊላህ። እንኳን አሳካልህ» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሁለት ወር ብቻ ከሆነ፣ አደራ፣ እንዳታላምደኝ።»

በሩ እንደተከፈተ ነበር። ሱልጣን ግቢውን አቋርጦ ወደ ልጆቹ ሲሄድ አየሁት፤ አልጠራሁትም።